ውሃውን አፍስሰው

የጉምሩክ ወረቀት ስደበድብ ውዬ፣
ማታ እሆናለሁ የወጥ ቤት ሰውዬ፤
ሽርጥ አገልድሜ በካናቴራዬ።
ቢላዬን ስስለው ያውቃል ጎረቤቴ፣
ግንብ ዘሎ ይሄዳል የሽንኩርት ቁሌቴ።

«ደሜ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታሳርር ነው?»
ትላለች ዘይቱና፣ ልብሷን ስታሰጣው።
የድሬ ሙቀት ነው፤ ምድጃ አያሻውም፤
ቲማቲም ጣሪያ ላይ ቢውል ጥሬ አይደለም።

ለመንገድም ቢሆን ሰበብ አላጣሁም፤
ባቢሌ ድረስ ለለውዝ እሄዳለሁ፣
ለውዙ ቀፊራም ሞልቶ፣ ይህን እያወቅሁ።
ኤረር ፍል ውሃ ወርጄም ነበር፣ በግንቦት፣
ላብ በላብ ሆኜ፣ ፍል ውሃ ልታጠብበት።
አቦ፣ ሰው ነኝ።

የሁልበቱ ነገር ግን ከሰርግ ነው የመጣ።
ጁገል ውስጥ፣ ሰው መሐል፣ ሳህኑ ሲወጣ፣
አብሹ እንደ ደመና ከላይ ተቀምጦ፣
ሥጋው እንደ ባለ ዕዳ ከሥሩ አድፍጦ።
ቀመስኩት። ዝም አልኩኝ። እኔ፣ ዝም የማልል።
ሙሽሪት ስትገባ እንኳን ቀና ሳልል።

ከቀፊራ ገበያ አንድ ጣሳ አብሽ ገዛሁ፣
አስፈጭቼ መጣሁ፣ ማታ ዘፈዘፍሁ፤
ሲነጋ ከነውሃው ክንዴ እስኪዝል መታሁ።
መረረ። የወባ ኪኒን እንጂ ምኑ ወጥ ነው!
የዘይቱና ድመት አሽትታ ተወችው።
በሁለተኛው ሳምንት ቅመም ጨመርኩበት፤
በሦስተኛው ስኳር… አላወራም፣ ተውኩት፤
ድስቱንም ነገሩንም ጓዳ ዘጋሁበት።

አንድ እሑድ ግን ጠዋት፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ
ግመል ሲሻገር አይቼ፣ ሳይበረታ ፀሐይ፣
እግሬ ብቻውን ሄደ ወደ መናኸሪያ።

«ሐረር! አንድ ሰው ነው!» ረዳቱ ይጮኻል፤
ስድስት ወንበር ባዶ፣ አንድ ሰው ይለኛል።
የደንገጎን ዳገት እየተጠማዘዘ፣
ጆሮዬ ተደፍኖ፣ ነፋሱ ቀዘቀዘ፣
ያቺን ልጅ ማስመለስ፣ እኔን ብርድ ያዘ።
አንድ ዳገት ብቻ ነው፣ ከላብ እስከ ሹራብ።
የሐረማያ ሐይቅም፣ ደርቆ የተመለሰ፣
ኮብልሎ እንደ መጣ ባል አንገቱን ቀለሰ።

ሸዋ በርን አልፌ፣ በልብስ ሰፊው ጫጫታ፣
በጠባቡ ቁልቁለት፣ በግንቡ ጥላ ፈንታ
ፀሐይ ፀሐዩን ይዤ፣ ስጠይቅ ስሳሳት፣
እማማ ረምላን አገኘሁ፣ የሰርጉን ወጥ ሰሪ።
«ማነህ?» አሉኝ።
«ደምሰው ነኝ፤ የአብሽ ተማሪ።»

ነደባው ላይ ወጣሁ ጫማዬን አውልቄ፣
ቃሌን ሰጠሁ እንደ ሌባ፣ ትንሽ ተሳቅቄ።
«ውሃውንስ?» አሉኝ።
«የቱን ውሃ?»
ዝም አሉ።
ከዚያ ሳቁ። ግድግዳው ላይ ያለው ስፌት እስኪነቃነቅ ሳቁ።
«ልጄ፣ ምሬቱ እኮ በውሃው ነው የሚሄድ።
ዘፍዝፈው፤ አፍስሰው። ደግመህ ጨምር፤ አፍስሰው።
እጅህ ሲደክመው ሳይሆን ውሃው ሲጠራ ነው የሚመታው።»
ሦስት ሳምንት፣ ሁለት ድስት፣ ይኸው ተጓጉዤ፣
መልሱ ማፍሰስ ነበር፤ እኔ መታሁት ይዤ።

ስመለስ በጣሳ ሰጡኝ፣ በፌስታል ጠቅልለው።
ደንገጎ ላይ ሲታጠፍ፣ አጠገቤ ያለው
ሰውዬ ሱሪ ላይ ሄደ፣ ግማሹ።
ግንባሩን ቋጥሮ አየኝ።
ሱሪውን አየ።
በጣቱ ጠረግ አርጎ ላሰ። ደግሞ አየኝ።
«ቤትህ የት ነው?» አለኝ።

ጉሌድ ይባላል። ጎማ ጠጋኝ ነው፣ ሳቢያን።
ቅዳሜ ማታ ይመጣል፣ ዳቦ በብብቱ ይዞ፣
ያችኑ ሱሪ ለብሶ፣ ለማስታወሻ ይመስል።
ዘይቱናም በአጥሩ በኩል ሳህን ታቀብላለች፣
«ካላረረ ብቻ» እያለች።

የአብሹን ውሃ ፓፓያዋ ሥር ነው የማፈስሰው፣
ሦስቴ፣ አንዳንዴም አራት።
ዘንድሮ ፍሬው ጣፈጠ ትላለች።
እኔ አላምናትም፤
ግን አንድ ቁራጭ ስትሰጠኝ
ሁለት እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ።